የታሰረው ምንድን ነው? የውድድር መኪናን በተሳቢ ላይ ስለ ማሰርና ስለ መጎተቻ ቀለበት



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከጋራዥ በር ያላለፈ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። አንድን የውድድር መኪና በተሳቢ ላይ ጭኖ ከሜዳ ወደ ሜዳ መውሰድ ምን የሚያስተምር ነገር አለው? እኔ ግን ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ያላገኘሁትን ትምህርት ያገኘሁት ከዚሁ ሥራ ነው። ትምህርቱም የመጣው በገዛ ስሕተቴ ነው።

ነገሩ የሆነው በጀርመን አገር ዶክትሬቴን በምሠራበት ዘመን ነው። ጥቂት ተመራማሪዎች ሆነን አንድ የውድድር መኪና ለሙከራ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ እንወስድ ነበር። የጭነቱን ስሌት የሠራሁት እኔ ነበርሁ፤ አስተሳሰሩን አይቼ «ተጣርቷል» ብዬ የፈረምሁትም እኔው ነኝ። በዚያ አገር ተሳቢ የሚጎትት የቤት መኪና ልዩ ፈቃድ ከሌለው በፈጣን መንገድ ላይ እንኳ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይፈቀድለትም፤ እኛም ከዚያ አላለፍንም። አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ለማረፍ ስንቆም ከአራቱ ማሰሪያዎች አንዱ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። መኪናው ከነበረበት አንድ ስንዝር ያህል ወደ ጎን ሄዷል፤ ከኋላ ያለው የመጎተቻ ቀለበትም ጎብጧል። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ከኋላችን ሕፃናትን የጫኑ መኪኖች ሲከተሉን እንደ ቆዩ አስታውሳለሁ።

ስሌቴን ደጋግሜ መረመርሁት፤ ስሕተት አልነበረበትም። ስሌቱን እነሆ። የመኪናው ክብደት 1,100 ኪሎ ግራም ነው። ጭነት ስለ ማሰር የወጣው ኢኤን 12195-1 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ፣ በመንገድ ላይ የሚጓዝ ጭነት ወደ ፊት የክብደቱን 0.8 እጥፍ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 0.5 እጥፍ የሚሆን ጉልበት እንዲችል ሆኖ ይታሰር ይላል። የአሜሪካ የጭነት ማጓጓዣ ደንብም ተመሳሳይ ቁጥሮችን ይዟል። እንግዲህ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ መኪናችን ወደ ፊት የሚገፋበት ጉልበት 8,630 ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ በማሰሪያ ቀበቶ ላይ በሚጻፈው መለኪያ 863 ዴካኒውተን ማለት ነው።

ይህን ጉልበት የሚይዙት ከመኪናው ወደ ኋላ የተዘረጉት ሁለቱ ማሰሪያዎች ናቸው። ማሰሪያዎቹ ከተሳቢው ወለል ጋር 30 ዲግሪ ቢሠሩ፣ ሰበቃን ሳንቆጥር፣ እያንዳንዳቸው 498 ዴካኒውተን መሸከም ይበቃቸዋል። 60 ዲግሪ ከሆኑ ግን ለእያንዳንዳቸው 863 ዴካኒውተን ይደርሳቸዋል። መኪናው አልከበደም፤ ፍሬኑም አልበረታም። የተለወጠው ማእዘኑ ብቻ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚጎትት ማሰሪያ ጉልበቱን የሚያውለው መኪናውን ወደ ወለሉ ለመጫን እንጂ እንዳይሸሽ ለመያዝ አይደለምና። እኔ የተጠቀምሁባቸው ቀበቶዎች እያንዳንዳቸው 2,500 ዴካኒውተን የሚችሉ ነበሩ። በወረቀት ላይ ከበቂ በላይ ነበር።

ታዲያ ስሕተቱ የቱ ላይ ነበር? መልሱን የነገረኝ በቤተ ሙከራችን ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ስሌቴን አላዩትም። የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ያሰርኸው ምኑን ነው?» መኪናውን ነው አልኋቸው። «መኪና አንድ ዕቃ አይደለም፤ ሁለት ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። መኪና ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ወለሉን የሚረግጠው ጎማና ከጎማው ጋር የተያያዘው ነው፤ ሌላው በሞላና በአሞርዛተር ላይ የተንጠለጠለው አካሉ ነው። እኔ በስሌቴ መኪናውን እንደ አንድ የድንጋይ ጥርብ ቆጥሬ አካሉን ወደ ተሳቢው አሰርሁት። ተሳቢው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ይታመቃል፤ አካሉም ዝቅ ይላል። በ45 ዲግሪ የተዘረጋ ማሰሪያ አካሉ 3 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላላል። ቀበቶው ራሱ ተለጥጦ ይህን ክፍተት ይሞላዋል እንዳንል፣ ደረጃው የሚፈቅደው መለጠጥ በሙሉ አቅሙ ሲጎተት እንኳ ከመቶ 7 አይበልጥም። በእጅ ማጥበቂያ በ300 ዴካኒውተን የተወጠረ አንድ ሜትር ቀበቶ የሚለጠጠው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ማሰሪያው ፈጽሞ ልል ይሆናል፤ መንጠቆውም ከያዘበት ይወጣል። ቀበቶው አልተበጠሰም፤ የሚይዘው አጣ እንጂ።

በዚህ ምክንያት ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ጎማውን የሚያስሩት። በጎማው ላይ የሚያልፍ ማሰሪያ አካሉ ቢወርድ ቢነሣ አይነካውም። ጎማው ራሱ እንደ ሞላ ሆኖ ቀበቶውን ወጥሮ ይይዝለታል። ይህ የሚሆነው ግን ጎማው በቂ አየር ሲኖረው ነው፤ የውድድር መኪና ደግሞ ሜዳ ላይ አየሩ ተቀንሶ ሊሆን ስለሚችል ከመታሰሩ በፊት መለካት አለበት። ቀበቶው የቸርኬውን ስለታም ጠርዝና የፍሬኑን ቱቦ እንዳይነካም መመልከት ያሻል።

አሁን ወደ ጎበጠው ቀለበት ልመለስ። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ እያንዳንዱ መኪና ከፊትና ከኋላ የመጎተቻ ቀለበት እንዲኖረው፣ ቀለበቱም በግልጽ የሚታይና ቢጫ፣ ቀይ ወይም ብርቱካንማ የተቀባ እንዲሆን ያዛል። በሜዳ የቆመን መኪና የሚያነሡ ሠራተኞች መንጠቆ የሚሰኩበትን ቦታ ፍለጋ በአደጋ ስፍራ እንዳይቆዩ ነው። በዚያው አንቀጽ ግን ብዙዎቻችን አንብበን የምናልፈው ቃል አለ፤ ቀለበቱ አገልግሎት ላይ የሚውለው መኪናው በነፃነት መንከባለል ሲችል ብቻ ነው ይላል። ቀለበቱ የተሠራው ለሚንከባለል ነገር፣ ለቀጥታ ጉተታ ነው። መኪናውን ወደ ተሳቢው ለመሳብ ብንጠቀምበት ተገቢ ነው። ወደ ጎን ለሚጎትት ማሰሪያ ግን አልተሠራም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቡሎን ያለው፣ ከተጠመደበት 60 ሚሊ ሜትር ወጣ ያለ ቀለበት አለን እንበል። በ5,000 ኒውተን ቀጥታ ብንጎትተው በቡሎኑ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት 32 ሜጋፓስካል ያህል ነው። ያንኑ ጉልበት ወደ ጎን ብናደርገው ግን ቡሎኑ ስለሚጎብጥ ውጥረቱ 1,080 ሜጋፓስካል ገደማ ይደርሳል፤ ከ30 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። 8.8 የሚል ምልክት ያለው ቡሎን በ640 ሜጋፓስካል ቅርፁን መልቀቅ ይጀምራል። የእኔም ቀለበት የጎበጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀለበት ስንገጥም ጥርሱ እስከ መጨረሻው መግባቱን፣ የተያያዘበትም ክፍል የመኪናው ዋና ብረት እንጂ የፓራውልቱ ሽፋን አለመሆኑን ማረጋገጥ አለብን።

የቀሩትን ባጭሩ ላንሣ። የመኪናው ክብደት ከተሳቢው አክስል ጥቂት ወደ ፊት ማዘንበል አለበት፤ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው በፍጥነት ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። ወደ ፊት የሚያርፈው ክብደትም አምራቹ ከወሰነው ማለፍ የለበትም። ከውድድር የወጣ ፍሬን እንደ ጋለ በእጅ ፍሬን መያዝ የለበትም፤ እስኪበርድ ድረስ በማርሽና በጎማ ማገጃ ይያዝ። ምልክት ወረቀቱ የጠፋበት ወይም ጠርዙ የተቆረጠ ቀበቶ ይጣል። የአሜሪካ ደንብ የጭነት ሾፌር በመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆሞ ጭነቱን እንዲመረምር የሚያዝዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጭነት ቦታውን የሚይዘው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። መልካም ተረት ነው፤ በዚህ ሥራ ግን ድሩ የሚያብረው እኩል ሲወጠር ብቻ ነው። አንዱ አጭር ሌላው ረጅም፣ አንዱ ጥብቅ ሌላው ልል ከሆነ ሸክሙን የሚወስደው አጭሩና ጥብቁ ነው፤ እርሱ ሲለቅ ሌላው በተራው ይለቃል። ማሰሪያ መጨመር ማሰብን አይተካም።

ውድ ተማሪዎች፤ ከመካከላችሁ ለውድድር መኪና የሚሠሩ ጥቂቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ከጅቡቲ ተነሥተው በደጋው አቀበት ወደ አዲስ አበባ የሚወጡትን መኪና የጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እነዚያም በዚሁ ሕግ የሚገዙ ናቸው። ነገ ከእናንተ አንዱ «ተጣርቷል» ብሎ ይፈርማል። የዚያን ዕለት ስሌታችሁ ትክክል መሆኑ ብቻውን አይበቃም። የምታሰሉት ነገር በእርግጥ መንገድ ላይ ያለው ነገር መሆኑን ጠይቁ። ወረዱና ማሰሪያውን በእጃችሁ ንኩት፤ በዕድሜ የበለጠ መካኒክ ካለም፣ ዲግሪ ይኑረው አይኑረው፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁት። እኔ የጠየቅሁት ከፈረምሁ በኋላ ነበር፤ ሰው ያልተጎዳው በእግዚአብሔር ቸርነት እንጂ በስሌቴ አይደለም።