የልጆቻችን መንገድና የእኛ ፍጥነት

(ከዚህ በታች የቀረበው፣ ባለፈው እሑድ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የሠፈራችን ሹፌር ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ መገኘት ላልቻሉ አባላት እንዲደርስ በማለት በሰሌዳችን ላይ አውጥተነዋል።)



እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስሁት መሪ ጨብጬ ነው። በአውቶቡስም በጭነት መኪናም ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ሹፌር ነውና ብሳሳት አርሙኝ።

ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ባለፈው ወር በትምህርት ቤታችን በር ላይ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በመኪና ተመትታለች። እግዚአብሔር ይመስገን ሕይወቷ ተርፏል፤ እግሯ ግን እስከ ዛሬ በጀሶ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቡናው ላይ የምሰማው ክርክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ሹፌሩ አረመኔ ነው፣ ይታሰር» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ልጂቱስ ብትሆን ግራና ቀኝ ሳታይ ምን አስገባት?» ይላል።

እኔ የልጂቱን እናት ጠይቄአለሁ፤ ሹፌሩንም አነጋግሬዋለሁ። ሰውየው አልጠጣም ነበር፤ ስልክም አልያዘም። ልጂቱን አቅፎ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሳትም እርሱ ራሱ ነው። ልጂቱም ብትሆን ማንኛውም ልጅ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው፤ ማዶ ያለች ጓደኛዋን አየችና ሮጠች። «በስንት ትሄድ ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «በሃምሳ፣ ቀስ ብዬ» አለኝ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው በዚህች «በሃምሳ፣ ቀስ ብዬ» በምትባለው ቃል ላይ ነው።

ሒሳቡን አብረን እናስላው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። በሰዓት 30 የሚሄደው ደግሞ ወደ 8 ሜትር። ሹፌር ልጅ አይቶ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዛውር፣ ንቁ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደኅና ከሆነ፣ በ30 የሚሄደው መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 5 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በድምሩ 13 ሜትር ማለት ነው።

አሁን ልጂቱ 13 ሜትር ላይ ቆማለች እንበል። በ30 የሚሄደው መኪና እፊቷ ደርሶ ይቆማል። በ50 የሚሄደውስ? እርሱ 13 ሜትር ላይ ሲደርስ የሹፌሩ እግር ፍሬኑን ገና አልነካም። ልጂቱን የሚያገኛት በሙሉ ፍጥነቱ ነው። ይኸው ነው ልዩነቱ! ሹፌሩ አንድ፣ ልጂቱ አንድ፣ መንገዱም አንድ፤ የተለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ሲረጥብ፣ ወይም ጎማው ሲያልቅ ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይብሳል።

«ልጆቹን አስተምሯቸው» የምትሉ ወገኖች፣ ልክ ናችሁ፤ እናስተምራቸው። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ የመጣበትን መኪና ፍጥነትና ርቀት እንደ ትልቅ ሰው አመዛዝኖ መገመት አይችልም። ቁመቱም አጭር ስለሆነ የቆመ መኪና ይጋርደዋል፤ እርሱም አያይም፣ ሹፌሩም አያየውም። ስለዚህ ትልቁ ሸክም መውደቅ ያለበት በልጁ ላይ ሳይሆን መሪ በጨበጠው ላይ ነው።

ይህ የእኛ ሠፈር ችግር ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል ረገድ የመንገድ አደጋን የሚቀድመው እንደሌለም ይኸው ሪፖርት ያስረዳል። ልብ በሉ፤ በሽታው ሁሉ እያለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡ የብዙ አገር ሚኒስትሮችም፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን በመግለጫቸው አሳስበዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከአደጋው በኋላ ከሁለት ወጣቶች ጋር ሆነን በትምህርት ቤቱ በር ፊት 50 ሜትር ለካን፤ ዳርና ዳሩንም በኖራ ምልክት አደረግንበት። 50 ሜትር በስድስት ሰከንድ ካለፉ ፍጥነቱ ልክ 30 ነው። ከስድስት ሰከንድ ካነሰ ከ30 በላይ ነው ማለት ነው። ወጣቶቹ በስልካቸው ሰዓት እየያዙ፣ ጧት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ለሦስት ቀን መዘገቡ።

እኔ የጠበቅሁት የሚኒባሱንና የሲኖትራኩን ስም ለመጥራት ነበር። እነርሱም አልጠፉ። ነገር ግን መዝገቡን ሳየው የበዛው የቤት መኪና ነው። ደግሞ የማን? የእኛው! ልጁን ከበሩ አውርዶ ወደ ሥራ የሚበረው ወላጅ ነው። የራሱን ልጅ በደኅና ያደርስና የጎረቤቱን ልጅ ለአደጋ ይዳርጋል። በመጨረሻም አንደኛው ወጣት አንገቱን ደፍቶ «አባባ፣ የእርስዎም አለ» አለኝ። ባየው እውነት ነው፤ የልጅ ልጄን አውርጄ ስመለስ አምስት ሰከንድ እንኳ አልሞላሁም። ስንት ዘመን የነዳሁ ሰው፣ ራሴ ባሠመርሁት ኖራ ተያዝሁ። (ሳቅ) ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም።

ለመሆኑ የምንቸኩለው ምን ልናተርፍ ነው? ከመታጠፊያው እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ጫፍ 200 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በ30 ስንሄድ 24 ሰከንድ ይፈጃል፤ በ50 ደግሞ 14 ሰከንድ። ትርፉ አሥር ሰከንድ ነው። እርሱንም ዋናው መንገድ ላይ ወጥተን መብራት ሲይዘን እንጨርሰዋለን። የአንዲት ልጅ እግር በአሥር ሰከንድ ይሸጣል ወይ?

«ትራፊክ ፖሊስ ይመደብልን» የሚል ሐሳብም ተነሥቷል። እኔም እደግፈዋለሁ። በፍጥነት መለኪያ ራዳር ያልተጠበቀ ቁጥጥር ማድረግና መቅጣት ይጠቅማል። ዳሩ ግን እኛን እናውቀዋለን! ትራፊኩ ሲታይ እንቀዘቅዛለን፤ ስናልፈው እንጋልባለን። ይባስ ብሎ ከፊት ለሚመጣው መብራት እያበራን «ትራፊክ አለ» እንባባላለን። ይህን ስናደርግ እንደ መረዳዳት ይቆጠርልናል። በትምህርት ቤት በር ላይ ግን እንዲህ ያለው መረዳዳት በልጆቻችን ላይ መመሳጠር ነው። ደግሞም ትራፊኩ ሰው ነው፤ ይደክመዋል፣ ወደ ሌላ ቦታም ይጠራል። የማይደክመውና የማይለመነው ትራፊክ በደንብ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ከጎረቤት አህጉር ሳይሆን ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ አለን። በታንዛኒያ፣ በዳሬ ሰላም ከተማ፣ አሜንድ የተባለ ድርጅት በትምህርት ቤቶች አካባቢ ጉብታ፣ ዜብራ፣ ምልክትና የእግረኛ መንገድ አሠርቷል፤ አስፈላጊ በሆነበትም ቦታ የትምህርት ቤቱን በር ከዋናው መንገድ ወደ ጓሮ አዙሯል። ውጤቱ ሲጠና በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ ወጣቶች «እኛው አፈርና ድንጋይ ከምረን እንሥራው» ብላችኋል። ቁጭታችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን ያልተለካ፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ምልክት የሌለው ጉብታ በሌሊት ሞተር ሳይክል ይጥላል፤ ወላድ የያዘ አምቡላንስም ያንገላታል። ሥራው በባለሙያ፣ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ መሠራት አለበት።

በመሆኑም ለጉባኤው አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከበሩ በፊትና በኋላ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራ፣ የ30 ምልክት እንዲተከልና የለቀቀው ዜብራ እንደገና እንዲቀባ፣ የሁላችንንም ፊርማ የያዘ ማመልከቻ ከነመዝገቡ በወረዳችን በኩል ይቅረብ። መልሱንም የሚከታተሉ ሦስት ሰዎች ዛሬውኑ ይመረጡ።

2ኛ/ በኮብልስቶኑ መንገድ በኩል ያለው የጓሮ በር በመግቢያና በመውጫ ሰዓት እንዲከፈት ትምህርት ቤቱን እንጠይቅ። ዘበኛ ከጠፋ ማኅበራችን ተረኛ ይመድብ።

3ኛ/ የተማሪ ትራፊኮቻችን ፊሽካ ይዘው ብቻቸውን መንገድ ላይ መቆም የለባቸውም። እነርሱም ልጆች ናቸው። በየቀኑ ሁለት አዋቂዎች አብረዋቸው ይቁሙ።

4ኛ/ መኪና ያለን ሁሉ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ከ30 ላንበልጥ፣ ዜብራ ላይ ወይም አጠገቡ ላንቆም፣ ልጅም በመንገዱ መሐል ላናወርድ ቃል እንግባ። ለሚኒባስና ለባጃጅ ሹፌሮችም በአክብሮት እንንገራቸው፤ የሚሰሙን ግን እኛ ስናደርገው ካዩ ነው።

ሦስቱ ሐሳቦች ጊዜና የሌላ ሰው መልካም ፈቃድ ይጠይቃሉ። አራተኛው ግን ነገ ጧት ይጀመራል፤ ገንዘብም ማመልከቻም አይፈልግም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። በእኛ በኩል አንድ ጊዜ ተቃጥሏል፤ ሁለተኛውን አንጠብቅ።



(አራቱም ሐሳቦች በጉባኤው በሙሉ ድምፅ ጸድቀዋል። የቃል ኪዳኑ ወረቀት ከዚህ ሰሌዳ ጎን ተሰቅሏል፤ የመጀመሪያው ፊርማ የተናጋሪው ነው። መኪና ያላችሁ አባላት በሙሉ እንድትፈርሙ፣ ለጧት ተረኝነት የምትችሉም ስማችሁን ከሥሩ እንድታስመዘግቡ በትሕትና እናሳስባለን።)