ስድስተኛው ቀን፤ ከዲላ እስከ ወርቃ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቢስክሌት ጉዞአችን እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብነው የሰባቱን ቀን ታሪክ በተራ ለመተረክ ነበር። ነገር ግን ሁሉን እንተርክ ብንል የምሳ ሰዓት ያልፍብናል። ስለዚህ አንዱን ቀን ብቻ መርጠናል። ይኸውም ከመጨረሻው ቀን በፊት ያለው፣ ከዲላ ተነሥተን ወርቃ የገባንበት ስድስተኛው ቀን ነው።

የጉዞው አጀማመር እንዲህ ነው። በጥር ወር በዕረፍታችን ጊዜ ስድስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከአንድ መምህራችን ጋር ሆነን፣ ቢስክሌቶቻችንን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነን አዲስ አበባ ሄድን። ከዚያም እስከ ዲላ ያለውን 360 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል እየነዳን ተመለስን። ከመነሣታችን በፊት ግን አንድ ቃል ተግባብተን ነበር። ጉዞው የሚያልቀው ቤቱ ከሁላችን ቤት እጅግ በሚርቀው ጓደኛችን ደጅ ደርሰን ስንመለስ ነው ተባባልን። የዚህም ጓደኛችን ቤት በጌዴብ ወረዳ፣ በወርቃ ነው።

አሁን አንድ ጥፋታችንን አስቀድመን መናገር ይገባናል። በሦስተኛው ቀን፣ ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ በሚያወጣው ዳገት ላይ እርስ በርሳችን ለመቀዳደም ስንጣደፍ የወርቃውን ጓደኛችንን ከኋላ ጥለነው ሄድን። ቢስክሌቱ አሮጌና ከባድ ነው፤ እርሱም መንዳት የተማረው በዚሁ ዓመት ነው። ከመምህራችን ጋር ሻሸመኔ የደረሰው ጀንበር ስትጠልቅ ነበር። እኛ ራታችንን በልተን ጨርሰናል። እርሱ «ዘገየሁባችሁ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀን። መምህራችን ግን አንዲት ቃል አልተናገሩንም። ቢቈጡን ይሻለን ነበር።

አምስተኛው ቀን ማታ ዲላ ገባን። ብዙዎቻችን የዲላ ልጆች ስለ ሆንን የእናታችንን ወጥ በልተን በገዛ አልጋችን አደርን። ጧት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንገናኝ ከመካከላችን ሦስቱ «እንግዲህ ደርሰናል፤ ወደ ወርቃ በሌላ ጊዜ በመኪና እንሄዳለን» ማለት ጀመሩ። ጓደኛችንም ሳይቈጣ «ደክሟችሁ ከሆነ ዕረፉ። እኔ ግን እናቴ ትጠብቀኛለች» አለና ኮርቻው ላይ ወጣ። ያን ጊዜ አፈርን፤ ተከተልነውም።

ወናጎን አልፈን ይርጋ ጨፌ እስክንደርስ መንገዱ መልካም አስፋልት ነው። በግራና በቀኝ ያለውን አገር ለማያውቅ ሰው እንንገረው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይሰጣሉ፤ በሥራቸው እንሰትና ቡና አብረው ይበቅላሉ። አንዱ ሌላውን ከፀሐይና ከጐርፍ ይጠብቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኛ ግን በየቀኑ ስለምናየው ቆም ብለን ያየነው በዚያ ቀን ነው። በየመንገዱ ዳር የታጠበ ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ሴቶች እየለቀሙ «አይዞአችሁ!» ይሉን ነበር።

ከይርጋ ጨፌ ወዲያ ዋናውን የሞያሌ መንገድ ትተን ወደ ጌዴብ አቀናን። አቧራውና ጠጠሩ፣ ከሁሉ ይልቅ ዳገቱ አስጨነቀን። ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀድመው ጓደኛችን ካቴና ተበጠሰ። መለዋወጫ ካቴና አልያዝንም፤ ማስቲሹና ጥፍጥፉም ለጎማ እንጂ ለካቴና አይሆኑም። እርሱም «እናንተ ሂዱ፤ እኔ የጭነት መኪና ጠብቄ እመጣለሁ» አለ። ከእኛም መካከል ፔዳሉን የረገጠ ነበር።

የወርቃው ልጅ ግን ከቢስክሌቱ ወረደ። «ይህን መንገድ እኔ በእግሬ አውቀዋለሁ» አለን። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ያልነገረንን የዚያን ጊዜ ነገረን። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ እንደ ነበር ወላጆቻችን ታስታውሳላችሁ። እርሱ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ አራት ልጆቿን ይዛ ሌሊት ሲሄዱ በየጥቂቱ ቆማ ትቈጥራቸው ነበር። «የኋለኛው ካልደረሰ የፊተኛው አይራመድም ትለን ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ደረስን» አለ።

ከዚህ በኋላ የተናገረ አልነበረም። ሁላችንም ወርደን ቢስክሌቶቻችንን እየገፋን በእግር ሄድን። ሻሸመኔ ላይ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ እንደ ሆንን አሰብን፤ ከአንድ ሰዓት ዝምታ በኋላም ጠየቅነው። እርሱም ሣቀና «መንገዱን ተመልከቱ፤ ድንጋይ አለ» አለን።

ወርቃ የደረስነው ሲመሽ ነው። እናቱ መብራት ይዘው ከደጅ ቆመው ነበር። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት መብራቱን ከፍ አድርገው በጣታቸው ሲቈጥሩን አየን። ሰባት ሲሞላ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጃቸውም «ሞልታችኋል፤ እንግዲህ ግቡ አለች» ብሎ ተረጐመልን። ቆጮና ጎመን በላን፤ ቡናም ተፈላልን።

ቡናው ሲጠጣ መምህራችን ስለ ቢስክሌት ነጂዎቻችን አጫወቱን። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በአውራ ጎዳና ውድድር ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሲወጣ፣ የኢትዮጵያ ቡድን 9ኛ ሆኗል። የቡድኑ ደረጃ ይቈጠር የነበረው ከየአገሩ በሦስት ሰዎች ውጤት ነው፤ አንዱ ብቻውን ቢቀድም ለቡድኑ ደረጃ አይበቃም ነበር። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» የሚለውን ተረት ያን ማታ በሌላ ዓይን አየነው።

በማግሥቱ አንድ የሰፈር ሠራተኛ ካቴናውን ቀጥሎልን ወደ ዲላ ስንመለስ፣ ዘገምተኛውን ጓደኛችንን ከፊት አስቀደምን። ሁላችንም በእርሱ ልክ ነዳን። በመንገድ የቀረም፣ ያዘነም አልነበረም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ብሔራዊ ፈተና ይጠብቀናል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ እንዳልሞሉ ሁላችንም ሰምተናል። ዳገቱ ይህን ያህል ነው። ፈተናው ለየብቻ ይወሰዳል፤ ጥናቱ ግን ለየብቻ እንዲሆን ማንም አላዘዘንም። እኛ ስድስታችን ከጉዞው ወዲህ ዘወትር ማታ አብረን እናጠናለን፤ አንድ ሂሳብ ለኋለኛው ሳይገባው ወደሚቀጥለው አንሻገርም። እናንተም በየክፍላችሁ መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ እንድትቈጣጠሩ እንለምናችኋለን።