ለአራት ቀን ዕረፍት የአሥራ ስምንት ወር ቁጠባ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ብድር አመላለስ አይደለም፤ ስለ ዕረፍት ነው። በመጪው ሐምሌ አሥራ ሁለት አባላት ሆነን ወደ ኬንያዋ የባሕር ከተማ ወደ ሞምባሳ ለአራት ቀን ልንሄድ ተነሥተናል። «የማኅበሩን ገንዘብ ሊዝናኑበት ነው» የሚል ወሬም ደርሶናል። ስለዚህ ሂሳቡን ፊት ለፊት ማቅረብ ይገባናል።

ነገሩ የተጀመረው አምና ጥር ላይ ከስብሰባ በኋላ ቡና ስንጠጣ ነው። ቤይሩት በሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች እህታችን እንዲህ አለች፦ «ባሕሩን በየቀኑ አየው ነበር፤ መስኮት ስወለውል። አንድ ቀን እንኳ እግሬን አልነከርኩበትም። ፓስፖርቴም እነሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር።» ከመካከላችን ጅዳና ዱባይ የሠሩ ነበሩ፤ የእነሱም ታሪክ ያው ነው። በባሕር ከተማ ኖረው ባሕር አልነኩም። ያን ዕለት የጉዞ ቁጠባ ጀመርን።

ገንዘቡ እንዲህ ተያዘ። እያንዳንዳችን ከመደበኛ ቁጠባችን በተጨማሪ በየወሩ እኩል እናዋጣለን። ሂሳቡ በሌላ ደብተርና በሌላ የባንክ ሂሳብ ነው የሚቀመጠው። ከብድር ካዝናው ሆነ ከደጋፊዎቻችን እርዳታ አንዲት ሳንቲም አልተነካችም። ለመሄድ ብሎ መበደር አይፈቀድም፤ ውዝፍ ዕዳ ያለባት ዕዳዋን ሳትጨርስ አትሄድም። የቸገራት ደግሞ ያዋጣችውን ሙሉውን ትወስዳለች።

ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ቶሎ ተፈተነች። ሐሳቡን ያመጣችው እህታችን ልጇ ታሞባት ኅዳር ላይ ያጠራቀመችውን በሙሉ አወጣች። ልናዋጣላት ብንል «ምጽዋት አድርጋችሁ አትውሰዱኝ» አለችን። እውነቷን ነው። ታዲያ እሷን ትተን እንሂድ ወይ? ሁለት ስብሰባ ተከራከርንበት። በመጨረሻ እንደገና እስክታጠራቅም ጉዞውን በስድስት ወር አራዘምነው። የአሥራ ሁለት ወሩ ዕቅድ አሥራ ስምንት ወር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የተቆጡም ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሁላችንም እናምንበታለን።

ሐምሌን የመረጥነው አስበንበት ነው። ሰኔ 30 ሂሳብ ይዘጋል። በክረምት የገበያችን ሥራ ይቀዘቅዛል። ጿሚዎች ደግሞ ከሐዋርያት ጾም ፍቺ ከሐምሌ 5 ጀምሮ ፍልሰታ እስኪገባ ድረስ ፋታ አላቸው። በሞምባሳ ከባዱ ዝናብ የሚጥለው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሲሆን በሐምሌ ሙቀቱም ረገብ ይላል።

ዋናው ወጪ የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን በጀቱን በየወሩ እንደገና እናሰላለን። ከጠቅላላው አሥር በመቶውን ለድንገተኛ ወጪ ይዘናል። ማደሪያ ለሦስት ሦስት ሆነን እንከራያለን፤ ቁርስ ራሳችን እንሠራለን። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ካርዱም ከፓስፖርቱ ጋር ይያዛል። አገሩ ወባ ስላለበት በአጎበር እንተኛለን።

አራቱ ቀናትም ተደልድለዋል። አሮጌው ከተማ በደሴት ላይ ነው፤ ጠባብ መንገዶቹንና የተቀረጹ የእንጨት በሮቹን በእግር እናያለን። ፖርቱጋሎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1593 መገንባት የጀመሩትን ፎርት ጂሰስ የተባለውን ምሽግ እንጎበኛለን። በሊኮኒ በኩል በጀልባ እንሻገራለን፤ ለእግረኛ ነጻ ነው። ሙስሊም እህቶቻችን ሐላል ምግብ ለማግኘት አይቸገሩም። አንድ ሙሉ ቀን ግን ምንም ፕሮግራም የለውም፤ እሱ የባሕሩ ቀን ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። አብዛኞቻችን ዋና ስለማንችል የሚሸሽበትን ሰዓት ጠይቀን ዳር ዳሩን እንሄዳለን።

እህቶቻችን፣ ለሠርግና ለተዝካር ስንበደር «ለምን?» ያለን የለም። ለዕረፍት አጠራቅመን ስንነሣ ግን እንደ ሌባ ዞር ብለን ማየት ያምረናል። ሴት ልጅ የምታርፈው ስትታመም ብቻ መሆን የለበትም። ዕረፍትም እንደ ቤት ኪራይ በበጀት ይያዝ፤ ትንሽ ይሁን፣ ግን ይያዝ። ከእኛ ቀጥሎ የሚቆጥብ ቡድን ካለ ደብተሩን አብረን እንከፍታለን። ሩቅ መሄድም ግድ አይደለም፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሁለት ቀንም ዕረፍት ነው።

የሂሳብ መዝገቡ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል። እህታችን እስካለፈው ወር ድረስ ያለባትን ሁሉ ከፍላለች። ፓስፖርቷንም አሳድሳ መጣች። «እኛ ጋ ይቀመጥልሽ?» ስንላት ሳቀችና ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው።