ድምፁን ብቻ ከቪዲዮ

እሱ፦ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ የሠርግ ቪዲዮ ይዞ ሙዚቃ ጫኝ ጋ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። «ድምፁን ብቻ በፍላሽ አርግልኝ» ይላል። አንዳንዱ ጫኝ ታዲያ የፋይሉን ስም ከኤምፒ4 ወደ ኤምፒ3 ይለውጥና ይሰጠዋል። ፍላሹ የተሰካበት ሬዲዮ ግን ዝም!

እሷ፦ ስሙ ቢለወጥ ውስጡ መች ተለወጠ?

እሱ፦ አዎ! ኤምፒ4 እኮ ጆንያ ነው፤ ምስሉም ድምፁም ለየብቻ ታጭቀውበታል። ድምፁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤኤሲ የሚባለው ዓይነት ነው።

እሷ፦ እንግዲያው ኤኤሲውን እንዳለ ማውጣት ነዋ፤ ጥራቱም አይነካም።

እሱ፦ ለስልክ ልክ ነሽ። ፍላሽ የሚሰካበት ርካሽ ሬዲዮ ግን ብዙ ጊዜ የሚያነበው ኤምፒ3 ነው። ቪኤልሲ በሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይቀየራል።

እሷ፦ «በሰከንድ 320 ኪሎቢት ካልሆነ» የሚሉስ?

እሱ፦ ምንጩ 128 ከሆነ የጠፋው ድምፅ አይመለስም። የ4 ደቂቃ ዘፈን በ128 ወደ 3.8 ሜጋባይት ነው፤ በ320 ግን 9.6። ፍላሹን መሙላት ብቻ!

እሷ፦ በ128 ደግሞ መቀየሩም ትንሽ ይጎዳዋል፤ 192 ይሻላል።

እሱ፦ እሱስ እውነት ነው።

እሷ፦ ተቀይሮም ድምፅ ከሌለው?

እሱ፦ መጀመሪያ ቪዲዮውን ራሱን ያጫውቱት። ከኢንተርኔት ሲወርድ አንዳንዴ ምስሉ ብቻ ይመጣል፤ ድምፁ ሌላ ፋይል ሆኖ ይቀራል።

እሷ፦ ዘፈኑ በሬዲዮው እስኪሰማ ድረስ ዋናውን ቪዲዮ እንዳያጠፉት፣ አደራ!