አልገጥም ያለ ስብራትና አጥንት የሚያበቅለው መድኃኒት

በሐርጌሳና በአካባቢዋ የምትገኙ ወገኖቻችን፣ የዛሬው የጤና ትምህርታችን ቶሎ አልገጥም ስለሚል ስብራት ነው።

«አጥንት የሚያበቅል መድኃኒት አለ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አዎን፣ አለ። ነገር ግን የሚዋጥ ክኒን ወይም ክንድ ላይ የሚወጋ መርፌ አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢኖር ገንዘባችሁን አትስጡት።

አጥንት ሲሰበር ሰውነታችን «አዲስ አጥንት ሥሩ» ብለው የሚያዝዙ ፕሮቲኖችን በስብራቱ ላይ ያመነጫል። ማርሻል ዩሪስት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1965 ማዕድኑ የወጣለትን አጥንት በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ ቢያስቀምጡ፣ እዚያው ጡንቻው ውስጥ አዲስ አጥንት መብቀሉን አሳዩ። በኋላም ፕሮቲኑ በላቦራቶሪ ተሠራ። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ስፖንጅ መሰል ነገር በፕሮቲኑ አርሶ ስብራቱ ላይ ያኖረዋል። በ2002 ቆዳ ቀድዶ የወጣ የቅልጥም ስብራት ባለባቸው 450 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ከፍተኛውን መጠን ካገኙት መካከል ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው አነስተኞች ሆነው ተገኙ።

ሆኖም ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ጉዳትም አለው። በ2008 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ አንገት ላይ ሲደረግ አተነፋፈስን የሚያውክ እብጠት እንደሚያስከትል አስጠንቅቋል።

ታዲያ የሌለው ሰው ተስፋ ይቁረጥ? በፍጹም! ሐኪሞች ከራሱ ከሕመምተኛው ዳሌ ጥቂት አጥንት ወስደው አልገጥም ባለው ስብራት ላይ ያደርጋሉ። ያ አጥንት እነዚያን ፕሮቲኖችና ሕይወት ያላቸውን ሕዋሳት ይዟል፤ የራስ ስለሆነም ሰውነት አይጠላውም።

ውድ አድማጮች፣ አጥንቱ ከተንቀሳቀሰ፣ ደም ካልደረሰው ወይም ቁስሉ ካመረቀዘ ግን የትኛውም አይሠራም። ስለዚህ፦

1. ጀሶውን ያለ ሐኪም ፈቃድ አታውልቁ።

2. ሲጋራ አቁሙ፤ የደም ሥርን አጥብቦ አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል። በጫት ሰዓት የምታጨሱ በተለይ አስቡበት። ስኳር ያለባችሁም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።

3. ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ካገኛችሁት ብሉ።

4. ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ጉዳት በተደጋጋሚ ታይቷል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ሰውየውም ወደ ሐኪም ይወሰድ።

የቅልጥም ስብራት ለመግጠም ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላም ሲረግጡት የሚያም ወይም ስብራቱ ላይ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ወይም መግል ከታየ፣ «ዕድሌ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ወደ ሆስፒታል ሂዱና ራጅ ተነሡ፤ «ከዳሌዬ አጥንት ወስዶ መትከል ይቻላል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ።