የፈቃደኛው ድካምና የግብር ቅናሽ



መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት በሐርጌሳ ከተማ የዋሂን ገበያ ተቃጠለ። ሁለት ሺህ ያህል ሱቆችና መደቦች እንደነበሩበት ይገመት የነበረው ይህ ገበያ የከተማው የንግድ እምብርት ነበረ። 28 ያህል ሰዎች ቆሰሉ፤ መተላለፊያውም የተጨናነቀ ስለ ነበረ የእሳት አደጋ መኪናዎች እንደ ልብ ሊገቡ አልቻሉም። እንዲህ ባለ ሰዓት ለሰው ፈጥኖ የሚደርስለት ጎረቤቱ ነው። ይሁን እንጂ ሳይለማመድ ወደ እሳት የሚገባ ጎረቤት ራሱ እርዳታ ፈላጊ ይሆናል። ለልምምድ የዋለበትም ቀን ከእንጀራው የሚጎድልበት ቀን ነው። እንግዲህ ይህን ጉድለት በግብር ቅናሽ መካስ ይገባልን?

ካናዳ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ይህን አድርጋለች። በዓመት 200 ሰዓት ያገለገለ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ 3,000 ዶላር ይታሰብለትና የዚሁ 15 በመቶ ከግብሩ ይቀነስለት ነበር፤ በ2024 መጠኑ ወደ 6,000 ከፍ ብሏል። በኢትዮጵያ ደግሞ የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴ ለበጎ አድራጎት የሰጠው ስጦታ፥ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስለት ይፈቅዳል። ገንዘቡን የሰጠ ይቆጠርለታል፤ ሌሊቱንና ጉልበቱን የሰጠ ግን ከዚህ ቅናሽ ድርሻ የለውም።

ሆኖም የካናዳን ሕግ እንዳለ ወደ ሐርጌሳ ማምጣት ፍትሕን ያጓድላል። የሶማሌላንድ መንግሥት ገቢ በብዛት የሚገኘው በበርበራ ወደብ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ነውና። ግብሩ ከደመወዙ የሚቆረጥ መምህር በቅናሹ ይጠቀማል፤ በገበያው ጋሪ የሚገፋው ወጣት ግን የሚቀነስለት ግብር ስለሌለው፥ በዚያው እሳት ፊት ቆሞ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስለዚህ ቅናሹ ከከተማው ቢጀምር ይሻላል። የሐርጌሳ ማዘጋጃ ቤት ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት፥ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት እርዳታ፥ ቤቶችን ከሳተላይት ፎቶግራፍ ቆጥሮ ለግብር መዝግቧል። ቤት ላለው ፈቃደኛ ከቤት ግብሩ፥ ሱቅ ላለው ከፈቃድ ክፍያው ሊቀነስለት ይቻላል። ሁለቱም ለሌለው ደግሞ የጉዳት ዋስትናና የመከላከያ ልብስ ይሰጠው።

ከሁሉ በፊት ግን የታመነ መዝገብ ያስፈልጋል። ስም ሲጠራ ለቀረው ጓደኛው «አቤት» የሚል ተማሪ መኖሩን መምህራን ያውቃሉ፤ ግብር የሚያስቀንስ መዝገብ ሲሆን ፈተናው ይብሳል። መዝገቡን በመያዝና ግቢያቸውን ለልምምድ በመክፈት ትምህርት ቤቶች ብዙ ሊረዱ ይችላሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የግብር ቅናሽ ጀግንነትን አይገዛም፤ ነገር ግን ጥቂቶች ስለ ሁሉ የተሸከሙትን ሸክም ከተማው በሙሉ እንዲካፈለው ያደርጋል።