ቃልም እንደ እህል ይመዘን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለአባላት ሲቀርብ «ምርት ይጨምራል» የሚል ቃልም አብሮ ይቀርባል። ቃሉ ልክ ሆኖ ካልተገኘ የግብዓት ብድሩ የሚቀረው በአርሶ አደሩ ጫንቃ ላይ ነው። በመሆኑም ግዢው ከመወሰኑ በፊት ቃሉ ሊመዘን ይገባል።

ጥቂት ማሳ አይቶ ስለ ብዙው መፍረድ የግብርና ዕውቀት ሁሉ መሠረት ነው። ይሁን እንጂ ፍርዱ የሚጸናው የታየው ማሳ ብዛትና አመራረጥ በፈቀደው መጠን ብቻ ነው።

ለዚህ ጤፍን በመስመር መዝራት ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በብተና በሄክታር 25 እስከ 30 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ዘር ሲፈጅ፣ በመስመር ሲዘራ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም እንደሚበቃ ተመከረ። በምርምር ጣቢያና በሠርቶ ማሳያ የታየው ውጤት ትልቅ ተስፋ አሳደረ። በ2004/05 ዓ.ም. የምርት ዘመን ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም የተሳተፈበት ጥናት አሠራሩን በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ ፈተነ። በአማካይ ጭማሪ ተገኘ፤ ነገር ግን በሠርቶ ማሳያ ከታየውም ሆነ ከተጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ነበር።

ይህ ማለት ጣቢያው ዋሸ ማለት አይደለም። ጣቢያው የመለሰው «ሁሉ ሲሟላ ምን ያህል ይገኛል?» ለሚለው ጥያቄ ነው። የአባሉ ጥያቄ ግን «በእኔ መሬትና በእኔ ጉልበት ምን ያህል ይገኛል?» የሚል ነው።

የማሳው አመራረጥም ይታሰብበት። አዲስ ነገር ቀድሞ የሚሞክረው ብዙ ጊዜ ጥሩ በሬ፣ ለም መሬትና በቂ ጉልበት ያለው ነው። ምርቱ ከጎረቤቱ ቢበልጥ ከዘሩ ነው ወይስ ከመሬቱ? እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 በሮትሃምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለዚህ መፍትሔ አበጀ፤ የትኛው መደብ ምን እንደሚዘራበት በዕጣ ይወሰን፣ ሙከራውም በብዙ መደቦች ይደጋገም የሚል ነው። ዕጣ ለማንም አያደላም።

ስለዚህ ምክር ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የሚከተሉት ጥያቄዎች ይቅረቡለት፦

1. በስንት ማሳ፣ ለስንት ዓመት ተሞከረ? ዝናብ በሰመረበት በአንድ ዓመት ብቻ የታየ ውጤት አይበቃም።
2. ከምን ጋር ተነጻጸረ? አዲሱ ዘር ማዳበሪያ አግኝቶ ነባሩ ካላገኘ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።
3. ምርቱ በሚዛን ተለካ ወይስ በግምት? ያልተሳካላቸውስ ተቆጥረዋል?
4. ተናጋሪው በዚሁ ጉዳይ ላይ የሠራ ባለሙያ ነው? ከሽያጩስ ይጠቀማል? ሻጭ ሁሉ ውሸታም አይደለም፤ ሆኖም ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ጥያቄ ማቅረብ ባለሙያን መናቅ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ መልሱ በእጁ ነው። ማኅበራትም የራሳቸውን ማስረጃ ማዘጋጀት ይችላሉ። ፈቃደኛ አባላት ከማሳቸው ጎን ለጎን ሁለት እኩል መደብ ለይተው፣ አዲሱና ነባሩ የሚዘራበትን በዕጣ ወስነው፣ እንክብካቤውን አንድ ዓይነት አድርገው፣ ምርቱን መዝነው በመዝገብ ቢያሰፍሩ ጠቅላላ ጉባኤው የሚወስነው በወሬ ሳይሆን በቁጥር ይሆናል።

አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም፤ አንድ ማሳም ብቻውን አይመሰክርም። የብዙዎች ማሳ አንድ ላይ የሚመሰክረው በማኅበር ነው።

መልካም በዓል!